የመጣ ስጦታ
ስለ እንግድነትና ስለ አንድ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ

ሰው ተወልዶ ካደገበት አካባቢ ተነሥቶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ወይም ወደ ሌላ አህጉር ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ነገር በሻንጣ ይለካል፤ ትቶት የሚሄደው ነገር ግን መለኪያ የለውም። በአዲስ ምድብ ቦታ ላይ የደረሰ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ይህን አሳምሮ ያውቀዋል። በመጀመሪያው ሳምንት የሚከራየው ቤት ይፈልጋል፤ በሁለተኛው የገበያውን ቀን ይለያል፤ በወሩ ከባልደረቦቹ ጋር ይላመዳል። ከሥራ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅና ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲገባ ግን «ምነው ጠፋህ?» ብሎ የሚቆጣው ሰው እንደሌለው ይሰማዋል። የእንግድነት ምሬት ይኸው ነው፤ ቢቀሩ ፈላጊ በሌለበት ቦታ መኖር።

ይህን ባዶነት ሰዎች በልዩ ልዩ መንገድ ይሞሉታል። በአውሮፓ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውስትራሊያ ከተሞች ባለፉት ዐሠርት ዓመታት እየተስፋፉ ከመጡት መንገዶች አንዱ ኡኩሌሌ የሚባለውን ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች መሰባሰቢያ ነው። እነዚህ ሰዎች በሳምንት ወይም በወር አንድ ምሽት በቤተ መጻሕፍት፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በመጠጥ ቤት ይገናኛሉ። ግጥሙና አኮርዱ የተጻፈበት ወረቀት ይታደላል፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል። ወደ ከተማው አዲስ የመጣው ሰው መሣሪያውን በብብቱ ይዞ ይገባል፤ ወንበር ይሳብለታል፤ የማያውቀውን ዘፈን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጫወታል። ምሽቱ ሲያበቃም «በሚቀጥለው ሳምንት እንጠብቅሃለን» ይባላል። ፈላጊ አገኘ ማለት ነው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ከባድ የሥነ ምግባር ጥያቄ አዝሏል። ይህ መሰባሰብ ወደ አዲሱ አገር መግቢያ በር ነው ወይስ ከአዲሱ አገር መሸሸጊያ ጎሬ? በሌላ አነጋገር፣ እንግዳ ወገን የሚሆነው መቼ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተለመዱ መልሶች አሉ። የመጀመሪያው «ሙዚቃ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ አብሮ የዘፈነ ሁሉ ወገን ነው» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይህ የጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ወገን ማለት በደም፣ በአፈርና በሐዘን ቀን የሚገኝ ነው» ይላል። የፊተኛው መልስ ቀለል ይላል፤ የኋለኛው ይከብዳል። ሁለቱም ግን ሳይመረመሩ የሚያልፉ አይደሉም። ለምርመራው ደግሞ ከመሣሪያው ከራሱ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ ኡኩሌሌ ራሱ ስደተኛ ነውና።

በቅድሚያ የመሣሪያውን ጠባይ እንመልከት። ኡኩሌሌ በመልኩ ጊታርን ይመስላል፤ በቁመቱ ግን ከክንድ እምብዛም አይበልጥም። አራት ክሮች ሲኖሩት በተለመደው ቅኝት አራተኛው ክር፣ በጊታር ልማድ ወፍራምና ዝቅተኛ መሆን የሚገባው፣ ከሦስተኛውና ከሁለተኛው ከፍ ብሎ ይቃኛል። ስለዚህ ክሮቹ በአንድነት ሲመቱ ድምፁ ከታች ወደ ላይ በደረጃ የሚወጣ ሳይሆን እርስ በርሱ የሚጠላለፍ ነው። ጀማሪ ሦስት አኮርድ ካወቀ ብዙ ዘፈን ለማጀብ ይበቃዋል። ድምፁ ለስላሳና አጭር ነው፤ ክሩ ተመትቶ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። አንድ ሰው ብቻውን በትልቅ አዳራሽ ቢጫወተው ከኋላ የተቀመጠ ሰው በቅጡ ላይሰማው ይችላል። ሃያና ሠላሳ ሆነው ሲጫወቱት ግን እንደ ዝናብ ካፊያ አዳራሹን ይሞላዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ይህ ጠባይ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላውን በድምፁ ለመዋጥ አቅም የሌለው መሣሪያ ባለቤቱን ማዳመጥ ያስተምረዋል። ጄ. ቻልመርስ ዶን የተባለው የካናዳ የሙዚቃ መምህር በሃሊፋክስ ከተማ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኡኩሌሌን ለትምህርት ቤት ልጆች የሙዚቃ ማስተማሪያ ያደረገው ርካሽ፣ ቀላልና ለጋራ ጨዋታ አመቺ ሆኖ ስላገኘው ነው። በ1985 በለንደን የተቋቋመው የታላቋ ብሪታንያ የኡኩሌሌ ኦርኬስትራም እንደ መጫወቻ ይቆጠር የነበረ መሣሪያ በኅብረት ሲሆን ሙሉ መድረክ ሊይዝ እንደሚችል አሳይቷል። እንግዶችን ወደ ራሱ የሚስበው ይኸው ጠባዩ ነው፤ ችሎታ የሌለውን አያሳፍርም፣ ችሎታ ያለውንም አያስታብይም።

አሁን ወደ ትውልዱ እንለፍ። ማዴይራ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኝ የፖርቱጋል ደሴት ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የወይን ተክል በሽታ ደጋግሞ መታትና ሕዝቧ በረሃብና በሥራ ማጣት ተጨነቀ። በዚያው ዘመን በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ነጻ መንግሥት በነበረችው በሃዋይ የስኳር እርሻ እየተስፋፋ ነበር። በ1875 ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የንግድ ውል የሃዋይ ስኳር ያለ ቀረጥ እንዲገባ ስለ ፈቀደ ከበርቴዎቹ ጉልበት ፈለጉ፤ ከቻይና፣ ከፖርቱጋል፣ ቆይቶም ከጃፓን በኮንትራት ሠራተኛ አስመጡ። ሬቨንስክራግ የተባለችው መርከብ ከአራት ወር ጉዞ በኋላ በነሐሴ 1879 ሆኖሉሉ ወደብ ስትደርስ ከአራት መቶ የሚበልጡ የማዴይራ ሰዎችን ጭና ነበር። ከእነርሱም መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ የተባሉ ሦስት የእንጨት ሥራ ባለ ሙያዎች ነበሩ።

መጤዎቹ ማሼቴ የሚባል የአገራቸውን ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ይዘው ነበር። ከደረሱ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ አንድ የሆኖሉሉ ጋዜጣ የማዴይራ ሰዎች በየምሽቱ በመንገድ ላይ በሚያሰሙት ሙዚቃ ሕዝቡን እንደሚያስደስቱ ጻፈ። እንግዲህ ቤት ሳያደራጁ፣ ቋንቋ ሳይማሩ፣ የስኳር እርሻው ጉልበታቸውን ሳይጨርሰው ከባለ አገሩ ጋር የተነጋገሩት በክር ነው። እስከዚህ ድረስ «ሙዚቃ የዓለም ቋንቋ ነው» የሚለው ወገን የረታ ይመስላል።

ታሪኩ ግን በዚህ አያበቃም። ሦስቱ ባለ ሙያዎች የእርሻ ግዴታቸውን ጨርሰው በ1880ዎቹ በሆኖሉሉ ሱቅ ከፈቱ። በደሴቶቹ የሚበቅለውን ኮአ የተባለ ውብ እንጨት መጥረብ ጀመሩ። የማሼቴው ቅርጽ ቀረ፤ ቅኝቱ ግን ራዣኦ ከሚባለው ከሌላው ባለ አምስት ክር የማዴይራ መሣሪያ ተወሰደ። አመታቱም ከሃዋይ ዘፈን ጋር ተስማማ። ንጉሥ ካላካዋ መሣሪያውን ወደደው፤ ራሱም ተጫወተው። ካላካዋ በ1820 የመጡት ሚሲዮናውያን እንደ ነውር ቆጥረውት በ1830 በአደባባይ እንዳይታይ ተከልክሎ የነበረውን ሁላ የተባለ የአገሩን ውዝዋዜ መልሶ ያነሣ ንጉሥ ነው። ይህ ከሩቅ የመጣ መሣሪያ በዘመኑ ሁላን አጀበ። በዚህም ጊዜ ስሙ ማሼቴ መሆኑ ቀርቶ ኡኩሌሌ ሆነ።

ስለዚህ ስም ሁለት ትርጉም ይነገራል። ብዙዎች የሚያውቁት «ዘላይ ቁንጫ» የሚለውን ነው፤ የተጫዋቹ ጣት በክሮቹ ላይ እንደ ቁንጫ ስለሚፈናጠር ነው ይባላል። የመጨረሻዋ የሃዋይ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ ግን «የመጣ ስጦታ» የሚለውን ትርጉም ትመርጥ ነበር፤ ኡኩ ስጦታ፣ ሌሌ መምጣት ማለት ነውና። የትኛው ትክክል እንደ ሆነ መወሰን የቋንቋ ሊቃውንት ድርሻ ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን ቁም ነገሩ ሁለቱም ስሞች የባለ አገሩ መሆናቸው ነው። እንግዳው ያመጣውን ሰጠ፤ ባለ አገሩ ተቀብሎ በራሱ እንጨት አሠራው፣ በራሱ ዜማ ቃኘው፣ በራሱ ቋንቋ ስም አወጣለት።

ይህ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ዛሬ በዓለም ላይ ኡኩሌሌን የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ ማሼቴን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የማዴይራ ስደተኞች ልጃቸውን ለሌላ ቤት ዳሩ፤ ልጅቱም የገባችበትን ቤት ስም ያዘች። ወገን መሆን ማለት ከራስ የሆነውን ነገር በሌላ እጅ ሲለወጥ አይቶ አለመከፋት ነው። እንግዳ ያመጣውን ነገር እንደ ቅርስ ሳጥን ቆልፎበት ቢቀመጥ ኖሮ ማሼቴ የአንድ ትውልድ ናፍቆት ማስታገሻ ሆኖ በቀረ ነበር።

ከዚህ ጋር የሌሎችን መጤዎች ታሪክ ካላስተያየን ግን ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ኑኔስ ኮአ በሚጠርብበት ዘመን የስኳር ከበርቴዎችና አጋሮቻቸው በ1887 ንጉሡን በጦር መሣሪያ አስገድደው ሥልጣኑን የሚገፍፍ ሕገ መንግሥት አስፈረሙት። በጥር 1893 የአሜሪካ ባሕር ኃይል ወታደሮች ወደ የብስ ወርደው ባሉበት ንግሥት ሊሊኡኦካላኒን ከዙፋንዋ አወረዱ፤ በ1895 በቤተ መንግሥትዋ አሰሯት። በ1896 የትምህርት ቤት ማስተማሪያ ቋንቋ እንግሊዝኛ ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። በ1898 አገሪቱ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀለች። የአሜሪካ ምክር ቤት ለዚህ ድርጊት በሕግ ይቅርታ የጠየቀው ከመቶ ዓመት በኋላ በ1993 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ከግልበጣው በኋላ የሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳንፎርድ ዶል የሚሲዮናውያን ልጅ ሲሆን የተወለደው በሆኖሉሉ ነው። ማኑኤል ኑኔስ ግን የተወለደው በማዴይራ ነው። ትውልድ ቦታ ብቻውን ባለ አገር የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ባለ አገሩ ዶል፣ እንግዳውም ኑኔስ በሆኑ ነበር። ሥራቸው ሲመዘን ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንደኛው ያመጣውን ለባለ አገሩ ስም አስረከበ፤ ሌላው ባለ አገሩ የራሱን ስም፣ ቋንቋና መንግሥት እንዲለቅ ካደረጉት መካከል ሆነ። ደም፣ አፈርና ትውልድ ወገንነትን ይወስናሉ የሚለው ሁለተኛው መልስ በዚህ ምሳሌ ይፈርሳል።

«የማዴይራ ሰዎችም ቢሆኑ የከበርቴውን እርሻ ሊያለሙ የመጡ አይደሉምን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ እውነትም ነው። የእነርሱ ጉልበት የስኳሩን ሀብት አሳድጓል፤ ከመካከላቸው በሌሎች ሠራተኞች ላይ አለቃ ሆነው የተሾሙ ነበሩ። ድኻ መሆን ብቻውን እንግዳን ንጹሕ አያደርገውም። ሆኖም ሰው በምን ምክንያት እንደ መጣ አንድ ነገር ነው፤ ከመጣ በኋላ በእጁ ምን እንደ ሠራ ሌላ ነገር ነው። የመምጫውን ምክንያት ችግርና ሌሎች ሰዎች ሊወስኑለት ይችላሉ። ከመጣ በኋላ የሚሠራው ግን የራሱ ምርጫ ያለበት ነው፤ የሥነ ምግባር ፍርድም የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው።

ከአገራችን ታሪክም ተመሳሳይ ምሳሌ እናገኛለን። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን ከኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም አርባ ወላጅ አልባ ልጆችን ወደ አዲስ አበባ አመጡ። እነዚህ አርባ ልጆች በመባል የሚታወቁት ወጣቶች በቱርክ ግዛት በወገናቸው ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ሙያቸው የነሐስ መሣሪያ መንፋት ሲሆን መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ዮፍታሔ ንጉሤ ለጻፈው ግጥም ዜማ ሠርቶ እስከ ዘውዱ ዘመን ፍጻሜ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ያዘጋጀው ይኸው ስደተኛ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞችን አስተማረ፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የመሳሰሉ የአገሩን ቅኝቶች ለዘመናዊ ኦርኬስትራ ለማቀናጀት ደከመ። መለከቱ ከውጭ መጣ፤ የሚነፋው ዜማ ግን እየዋለ እያደረ የአገሩ ሆነ። ኮአ ለማሼቴ ያደረገውን ትዝታ ለመለከት አደረገ።

ዕድርንም እናስታውስ። «ወገን በሐዘን ቀን የሚገኝ ነው» የሚለው ሰው በምሳሌነት የሚጠቅሰው ዕድርን ነው። ነገር ግን ዕድር በአዲስ አበባ የሰፋው ከየአገሩ ወደ ከተማው መጥተው፣ ዘመድ በቅርብ ሳይኖራቸው፣ «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» ያሉ መጤዎች እጅ ለእጅ በመያያዛቸው ነው። የዕድርተኛው ድንኳን በደም ውርስ የተገኘ አይደለም፤ በየወሩ በሚከፈል መዋጮና በማይቀር ግዴታ የተሰፋ ነው። እንግዲህ ወገንነት የሚሠራ ነገር ነው፤ የሚሠራውም በግዴታ ነው።

በዚህ ሚዛን ወደ ተነሣንበት መሰባሰቢያ እንመለስ። በአዲስ ከተማ የኡኩሌሌ ተጫዋቾችን ያገኘው እንግዳ ወንበር ማግኘቱ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜ አይደለም። እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ ይባላል። በመጀመሪያው ምሽት ሁሉም ፈገግ ይልለታል። ጥያቄው የሚመጣው በአሥረኛው ምሽት ነው። ወንበር የሚደረድረው ማነው? ከእርሱ በኋላ የመጣው ጀማሪ ጣቱ ሲደናቀፍበት ዜማውን ቀስ የሚያደርግለት ማነው? አንዱ ታሞ ሲቀር ቤቱ ሄዶ የሚጠይቀው ማነው? ይህ ሁሉ ከሌለ ያ ስብስብ አንድ ዓይነት መሣሪያ የያዙ መንገደኞች ማረፊያ ሆኖ ይቀራል፤ ድምፁ ቢያምርም ወገን አይሆንም። ይህ ሁሉ ካለ ግን ዘፈኑ ቀላል፣ መሣሪያውም ርካሽ ቢሆን ከዕድር የሚለየው በስሙ ብቻ ነው።

ሌላም ግዴታ አለ፤ እርሱም ለመሣሪያው ባለቤት ሕዝብ የሚከፈለው ነው። በ1915 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ኡኩሌሌ በአሜሪካ ሕዝብ ዘንድ ገነነ። ወዲያውም የሃዋይን ቋንቋ የሚያስመስሉ፣ ትርጉም የለሽ ቃላት የታጨቁባቸው ዘፈኖች ለገበያ ወጡ። ቋንቋው በገዛ አገሩ ከትምህርት ቤት በተባረረበት ዘመን በሌላ አገር መድረክ መሣለቂያ ሆነ። በአንጻሩ በሆኖሉሉ ሳሙኤል ካማካ በ1916 የከፈተው የኡኩሌሌ ሥራ ቤት በቤተሰቡ እጅ እስከ ዛሬ አለ፤ የሃዋይ ቋንቋም በ1978 በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ዳግመኛ የሥራ ቋንቋ ተባለ። እንግዲህ በበርሚንግሃም ወይም በሃሊፋክስ ተቀምጦ ይህን መሣሪያ የሚመታ ሰው በእጁ የያዘው ከማን እንደ መጣለት ማወቅ ይገባዋል። ማወቁ ደስታውን አይቀንስበትም፤ ስጦታ ሰጪው ሲታወቅ ይከብራል እንጂ አይቀልም።

ይህ ነገር በውጭ አገር የሚኖሩትን ወገኖቻችንንም ይመለከታል። በዋሽንግተን አካባቢ ወይም በሌላ ከተማ ክራርና ማሲንቆ ይዘው የሚሰባሰቡ ኢትዮጵያውያን ናፍቆታቸውን ሲያስታግሱ ማንም ሊወቅሳቸው አይገባም፤ ሰው ቋንቋውን የሚሰማበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሆኖም ክራሩ ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ የጎረቤቱ ልጅ ቢነካው፣ በማናውቀው አመታት ቢመታው፣ ምናልባትም ሌላ ስም ቢያወጣለት ምን ይሰማናል? ቅርሳችን ተነጠቀ እንላለን ወይስ ስጦታችን ደረሰ እንላለን? መልሱ የሚወሰነው በተቀባዩ አኳኋን ነው። ከየት እንደ መጣ እየተናገረ የሚለውጠው ከሆነ ስጦታው ደርሷል፤ ሰጪውን አፍኖ የሚለውጠው ከሆነ ግን ዝርፊያ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ድምዳሜ ይህ ነው። እንግዳ ወገን የሚሆነው ሁለት ወገኖች ሁለት ነገር ሲያደርጉ ነው። እንግዳው ያመጣውን ያለ ስስት ይሰጣል፤ የሰጠውም በባለ አገሩ እጅ ሲለወጥ ይታገሣል። ባለ አገሩ ደግሞ ወንበር በመሳብ ብቻ አይወሰንም፤ ከራሱ ደን እንጨት ይቆርጥለታል፣ ከራሱ ቋንቋ ስም ያወጣለታል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ አንዱ ወገን ዘላለም ተመልካች፣ ወይም ዘላለም ተገፊ ሆኖ ይቀራል።

በየክፍለ ሀገሩ የምትመደቡ መምህራንና የኪነ ጥበብ ሠራተኞች ይህን ፈተና በየዕለቱ ትገናኙታላችሁ። በደረሳችሁበት ከተማ ምሽት ላይ ከአንድ ግቢ የክራር ወይም የዋሽንት ድምፅ ብትሰሙ በሩን አንኳኩ። ስትገቡ መጀመሪያ አዳምጡ፤ ቀጥሎ የምታውቁትን አካፍሉ፤ ከዚያም የቦታው ልጆች የሰጣችኋቸውን ዜማ እናንተ ባላሰባችሁት መንገድ ሲጫወቱት ብትሰሙ አታርሟቸው። የዚያን ዕለት ደርሳችኋል።